ቴስታው ሳይለካ መኪና አይፈረድበትም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። እዚህ አንድ የቆየ ኮሮላ ወይ ዲኤክስ ያለው ሰው መኪናው ማሞቅና ውሃ መጠጣት ሲጀምር የሚሰማው ምክር ሁለት ነው፣ አንዱ "የቴስታ ጓርኒሲዮን ነው፣ ዛሬውኑ ይፈታ" ይለዋል (ቴስታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በሱና ከስሩ ባለው ብሎክ በሚባለው ዋና አካል መሃል የሚገባው ማሸጊያ)፣ ሌላው "ሳይብስ ሽጠህ ተገላገል" ይለዋል፣ ሁለቱም ግን ሞተሩን በምንም ሳይለኩ ነው እንደዚ የሚሉት። የኔም መኪና አሁን እዛ ደረጃ ላይ ናት፣ ስለዚ ነገሩ በጣም ያሳስበኛል።

መጀመሪያ ነገር ሁሉም ሙቀት የጓርኒሲዮን አይደለም። ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) ተዘግቶ ሲጣበቅ፣ ራዲያተር ውስጡ በዝገት ሲደፈን፣ የውሃ ፖምፓ ሲደክም፣ ሌላው ቀርቶ የራዲያተር ክዳን ላስቲኩ ሲያረጅ መኪና ያሞቃል። ክዳኑን ሰው ይንቀዋል፣ ጅማ ግን ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ እዚህ ክፍት ድስት ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ የሞተር ውሃ ደግሞ በደህናው ጊዜም 90 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ታዲያ ግፊቱን አፍኖ ይዞ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ያ ትንሽ ክዳን ነው። የጠዋት ነጭ ጭስም ብቻውን ምንም አይናገርም፣ በኛ ክረምት ጠዋት የማያጨስ መኪና የለም፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆም ጭሱ ካልቆመ ነው የሚያሰጋው። ዘይት መሙያ ክዳኑ ስር ትንሽ ነጣ ያለ ነገር ማየትም እንደዛው፣ እዚሁ ጅማ ውስጥ አጭር መንገድ፣ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ ብቻ የሚመላለስ መኪና ላይ እርጥበቱ ሳይተን ቀርቶ ይሆናል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ራሱ ቡና በወተት መስሎ ከወጣ ግን መኪናውን እዛው ማቆም ነው፣ ውሃ የገባበት ዘይት ብሮንዚኑን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ስስ ብረት) ይበላዋል፣ ከዛ በኋላ የጓርኒሲዮን ወሬ ቀርቶ የሙሉ ሞተር ወሬ ነው የሚሆነው።

ትክክለኛው ምርመራ ደግሞ ከባድ አይደለም እኮ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ማስነሳትና በውሃው ላይ አረፋ ሳያቋርጥ ይመጣ እንደሆነ ማየት፣ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) በየሲሊንደሩ መለካት፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመሃላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ሳያደርግ ቴስታ የሚፈታ ሰው በሰው ገንዘብ እየገመተ ነው።

ከተፈታ በኋላ ነው ዋናው ውሳኔ ያለው። በነዚህ አሮጌ ኮሮላዎች ብሎኩ የብረት ቴስታው የአሉሚኒየም ነው፣ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፣ ስለዚ አንዴ ክፉኛ ያሞቀ ሞተር ቴስታው ይጣመማል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት ፊቱ ላይ አጋድሞ በፊለር ጌጅ (ትንሽ ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) መለካት ነው፣ የሚፈቀደው ብዙ ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከዛ ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ መላግ አለበት። እዚህ ግን አብዛኛው ሰው በአይን አይቶ "ደህና ነው" ይልና አዲስ ጓርኒሲዮን ደርቦ ብሎኑን በጉልበት ያጠብቃል፣ ብሎን ከመሃል ወደ ዳር በቅደም ተከተል፣ በየደረጃው፣ በቶርክ ቁልፍ (የሚጠብቅበትን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ነው የሚጠብቀው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ጓርኒሲዮን ሲሄድ "አሮጌ መኪና ምን ታረገዋለህ" ይባላል፣ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ የሰው ስራ ጉድለት በመኪናው እድሜ ይሳበባል።

ልጠግን ወይስ ልተው ለሚል ሰው የኔ ሃሳብ ይሄ ነው፣ ሲሊንደሮቹ ካልተበሉ፣ ዘይት የማይጠጣ ከሆነ፣ ቴስታው ካልተሰነጠቀ፣ ያሞቀበት ምክንያትም አብሮ የሚጠገን ከሆነ ይጠገን። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፣ በዛው አመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ መኪና መቀየር ለደመወዝተኛ የማይታሰብ ነገር ሆኗል፣ ያለችውን መንከባከብ ነው። ሞተሩ ዘይት ሲጠጣ የኖረና ኮምፕሬሽኑ በሁሉም የወረደ ከሆነ ግን ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው፣ ያኔ ሙሉ እድሳት ወይ ሌላ ሞተር ይታሰብ።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልመክርም፣ ራዲያተር ውስጥ ማሸጊያ መድሃኒት ጨምሮ ለማያውቅ ሰው መሸጥ። ያ ገዢ ልጆቹን ጭኖ አዲስ አበባ ሲሄድ ጊቤ በረሃ ወርዶ ወደ ወልቂጤ ዳገቱን ሲጀምር ነው ነገሩ የሚፈነዳው። ይሄ ንግድ አይባልም፣ ነውር ነው።

የምጠይቀው፣ ጅማ ውስጥ የመካኒክ ትምህርት የሚሰጡ ኮሌጆች አሉን፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሜካኒካል ምህንድስና ያስተምራል። በክፍያ ኮምፕሬሽን የሚለካ፣ የተፈታ ቴስታ ይዘንለት ስንሄድ ፊቱን ለክቶ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ የሚሰጠን ቦታ ቢከፍቱልን ተማሪውም ይለማመዳል፣ ባለመኪናውም ከመጠገኑ ትርፍ የሌለው ሰው የነገረውን ይዞ ይወስናል። ከፋዩ ብዙ ነው፣ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ