«ግድግዳ፦ ጭቃ»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የጅማ ነዋሪ ነኝ። ስለ ከተማችን ቅርስ በጻፋችሁ ቁጥር የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይነሳል፣ ሙዚየሙ ይነሳል፣ ሲበዛ ደግሞ ፈረንጅ አራዳ ያሉት የጣልያን ጊዜ ቤቶች ይነሳሉ። ይነሱ፣ ደስ ይለኛል። ተራ ሰው በገዛ እጁ ስለሠራው ቤት ግን አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም። እንግዲህ እኔው ልጀምረው።

ቤታችን ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። ያኔ ከከተማ ውጪ ነበር፤ እማዬ ገበያ ስትወጣ «ከተማ ደርሼ ልምጣ» ነበር የምትለው። ጅማ ከጣልያን እጅ የወጣችው በሰኔ 1933 ነው። አባዬ ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቦታውን ያዘና መሥራት ጀመረ። አናጺ አልነበረም። ቡና ማበጠሪያ ቤት ሚዛን ላይ ነበር የሚሠራው። እሁድ እሁድ ቋሚ ያቆማል፣ ማገር ያስራል። ምርጊቱ ሲደርስ ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ፣ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦና ተቦክቶ ስንት ቀን ከተኛ በኋላ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው።

መጀመሪያ ክዳኑ ሣር ነበር። የሣር ክዳን ደግሞ ቀጥ ብሎ ካልወረደ የጅማን ዝናብ አይችለውም። ከዚያ ብራዚል ላይ ውርጭ ወርዶ የቡና ተክሉን መታውና በ1946 የዓለም የቡና ዋጋ ጣሪያ ነካ። አባዬ ቆርቆሮ የገዛው በዚያ ሰሞን ባገኘው ገንዘብ እንደሆነ ሲያወራ አይጠግብም ነበር። ማዋቀሩን ግን አላፈረሰም፤ እዚያው ለሣር የተሠራው ላይ ቆርቆሮውን መታበት። ለዚህ ነው የኛ ቆርቆሮ እስከ ዛሬ ከሰፈሩ ሁሉ ቁልቁለት የሆነው። ልጆች ሳለን ኳስ እሱ ላይ ወጥቶ ቀርቶ አያውቅም፣ ወዲያው ተንሸራቶ ይመጣል።

ሁለተኛው ክፍል የተቀጠለው ከዓመታት በኋላ ነው። በሩ ጀርባ ምርጊቱ የረገፈበት ቦታ አለ፣ እዚያ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ሁሉም ነገር ይታያል። በግራ ያለው ማገር በሐረግ የታሰረ ነው፣ ያኔ ሚስማር ውድ ነበራ። በቀኝ ያለው ባሕር ዛፍ ነው፣ በሚስማር የተመታ። አዲሱ ክፍል ከአሮጌው በአንድ ስንዝር ዝቅ ይላል፤ ወለሉን የሚሞላበት አፈር አልበቃውም መሰለኝ። እንግዳ ሁሉ እዚያች ጋ ይደናቀፋል። አባዬ ግን «ሰው ረጋ ብሎ ይግባ ብዬ ነው» ይል ነበር።

ጣልያንኛ አይችልም። ግን ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ኮርኒስ፣ ሲሚንቶ ይላል። እነዚህ ሁሉ ከጣልያን የቀሩ ቃላት ናቸው፤ ሰዎቹ ሄደው ቃላቸው አናጺው አፍ ላይ ቀረ።

በጓሮ በኩል የሚያከራየው ቤት ነበረው። እሱም በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ተብሎ ተወሰደ። አጥሩ ለምን ግቢያችንን አጣሞ እንደሚያልፍ ሰው ሲጠይቀኝ መልሱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልምጣ። በቅርቡ ከአንድ መሥሪያ ቤት ቤቱን ሊገምት አንድ ወጣት መጥቶ ነበር። ቅጹን ሲሞላ በትከሻው በኩል አየሁት። ግድግዳ፦ ጭቃ። ክዳን፦ ቆርቆሮ። ሁኔታ፦ አሮጌ። አለቀ። «ቅርስ የሚል ቦታ የለውም ወይ?» ብለው ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጭቃ ቤት ነው» አለኝ። ልጁን አልቀየምኩትም፣ ቅጹ የጠየቀውን ነው የሞላው። ግን የቅርስ አዋጁን፣ ቁጥር 209/1992ን፣ ላነበበ ሰው ቅርስ ማለት የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ በታሪኩ፣ በባህሉ ወይም በእጅ ሙያው ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ድንጋይ መሆን አለበት አይልም። የንጉሥ መሆን አለበትም አይልም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ራሱ እንጨት አይደለም እንዴ?

ጭቃ ቤት ሁሉ አይነካ ማለቴ አይደለም። እኛ ቤት ምስጥ አለ፣ ክረምት ሲገባ ባልዲ የምንደቅንበት ቦታም አለ። እህቴ «ሸጠን እንገላገል» ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ እኔ ብሆንም ጉልበቴ አልቋል። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ከመፍረሱ በፊት አንድ ሰው መጥቶ ይለካው፣ ይሳለው፣ ፎቶ ያንሳው። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ቤት አለ፤ ከነሱም አንዱ፣ አንዱ እንኳ፣ ከነአጥሩና ከነጓሮው ቢተርፍ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች አሉት። ሜትርና ደብተር ይዘው ይምጡ። የትኛው ቋሚ መቼ እንደቆመ የሚያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የቀረው ሁለት ወይም ሦስት ነው፣ እነሱም በሽማግሌ እግር ነው የሚሄዱት።

አድራሻዬን ዝግጅት ክፍሉ ያውቃል። የሚመጣ ካለ በርጩማው አለ፣ ቡናውም ይፈላል። ሁለተኛው ክፍል ስትገቡ ብቻ እግራችሁን አስተውሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ