ድጋፉ ለተተከለው ሳይሆን ለመነጨው ኃይል ይከፈል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ታዳሽ ኃይል ድጋፍ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ስንት ሶላር እንደተተከለ ነው። በድሬዳዋ ለዓመታት በኤሌክትሪክ ሥራ የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ድጋፉ መከፈል ያለበት ቆጣሪ ለመዘገበው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

በከተማችን ዙሪያ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውኃ ፓምፕ እንድጠግን ተጠርቼ ነበር። ሶላሮቹ ደህና ነበሩ፤ አቧራው ግን ተጋግሮባቸው በጣት ሲነካ መስመር ያወጣል። በመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ውስጥ የተቃጠለውን ገመድ ለመቀየር ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም፤ ፓምፑ ቆሞ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ግን እናቶች ጄሪካናቸውን በአህያ ጭነው ከሩቅ ውኃ ሲያመላልሱ ከርመዋል። ገንዘቡ በምረቃው ሰሞን ተከፍሎ ስላለቀ፣ ፓምፑ ቢቆም ከኪሱ የሚጎድልበት ሰው አልነበረም።

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ የኤሌክትሪክ መስመሩ ባለቤት የታዳሽ ኃይልን ቅድሚያ ሰጥቶ እንዲገዛ አስገድዳ፣ ለአምራቹ የ20 ዓመት ዋጋ አረጋገጠች፤ በየዓመቱ አዲስ ለሚገቡት ደግሞ ዋጋው እየቀነሰ እንዲሄድ አደረገች። ገቢው በመነጨው ልክ ስለሆነ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር የሰቀለ ሰው ብልሽቱን ሳያሳድር ያስጠግናል። ስፔን በአንጻሩ ዋጋውን ከፍ አድርጋ በሩን በሰፊው በመክፈቷ እ.ኤ.አ. በ2008 ከአቅሟ በላይ ተተከለባት፤ ኋላም ቃል የገባችውን ክፍያ ቀነሰች። ስለዚህ ለድጋፉ የመጠን ገደብ ሊበጅለት እንደሚገባ አልክድም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሶማሌና በአፋር ክልሎች ሊገነቡ ታቅደው ለነበሩት ለጋድና ለዲቼቶ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች፣ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት፣ በጨረታ የቀረበው ዋጋ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ ታዲያ ለመኖሪያ ቤትና ለመጋዘን ጣሪያ ከዚህ የበለጠ ለምን ይከፈላል የሚል ይኖራል። ያ ዋጋ ግን የተሰላው በውጭ ምንዛሪ ነው። የድሬዳዋ ነጋዴ የሚጠይቀው ዶላር አይደለም፤ ቀን ወደ መስመሩ የሰጠው ኃይል ማታ ከሚጠቀመው ላይ ቢቀነስለት ይበቃዋል። ደግሞም ከተማችን ቬንትሌተርና ማቀዝቀዣ አብዝታ የምትጠቀመው ፀሐይዋ በምትበረታበት ሰዓት ነው፤ ጣሪያዎች ያንን ፍላጎት በከፊል ቢሸፍኑ በግድቦቻችን ያለው ውኃ ለምሽት ይቆጠባል፣ ውድ የሆነው ባትሪም አያስፈልግም።

የሚመለከታቸው አካላት ሥራውን በድሬዳዋ በተወሰኑ ትምህርት ቤቶች፣ ወፍጮ ቤቶችና የቀፊራ አካባቢ መጋዘኖች ላይ እንዲጀምሩ፣ የሚገባውንም የሚወጣውንም የሚለካ ቆጣሪ ገጥመው የአንድ ዓመት ንባቡን ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአንባቢያችሁ አንዱ፣ ድሬዳዋ