የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ የአሲድ ዝናብ ፍለጋ

ዘንድሮ ክበባችን ችግኝ ተክሎ ብቻ አልተበተነም። መስከረም ላይ አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ የአሲድ ዝናብ እኛ ጎንደርም ይዘንባል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ዓመቱን ሙሉ ያሯሯጠን ይህ ጥያቄ ነው።

የፒኤች መለኪያ መሣሪያ የለንም። (ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል።) ስለዚህ ከቅዳሜ ገበያ ቀይ ጥቅል ጎመን ገዝተን ቀቀልን። ውሃው ሐምራዊ ይሆናል፤ አሲድ ሲነካው ይቀላል፣ ኖራ ሲነካው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። (ላብራቶሪው ጎመን ጎመን ስለሸተተ የኬሚስትሪ መምህራንን ይቅርታ እንጠይቃለን።) የመስከረምን ዝናብ ተቀብለን ጨመርንበት። ቀለሙ እምብዛም አልተለወጠም። ልጆቹ ከፋቸው! ዝናቡ ደህና በመሆኑ የሚከፋው የእኛ ክበብ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ንጹሕ ዝናብም ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀበል በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ 5.6 ገደማ። ከድንጋይ ከሰልና ከመኪና የሚወጣው የሰልፈርና የናይትሮጅን ጋዝ ሲገባበት 4.3 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ቀላል ይመስላል፤ ግን አሲድነቱ ሃያ እጥፍ ገደማ ጨመረ ማለት ነው።

ክርክሩ የጦፈው በአንድ የካናዳ ሐይቅ ላይ ነው። ስሙ ቁጥር ነው፦ ሐይቅ 223። ተመራማሪዎች ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምረው ሆን ብለው ሰልፈሪክ አሲድ ጨመሩበት፤ ፒኤቹን ከ6.8 ወደ 5 ገደማ አወረዱት። ልጆቹ ትልልቆቹ ዓሦች ወዲያው ሞተው ይንሳፈፋሉ ብለው ነበር። ቀድመው የጠፉት ግን ምግባቸው የነበሩት ትንንሽ ዓሦችና ሽሪምፕ መሰል እንስሳት ናቸው። ትልልቆቹ ከሱ፤ መራባትም አቆሙ። በፒኤች 5 የአብዛኞቹ ዓሦች እንቁላል አይፈለፈልም። አሲዱ ከአፈር የሚያጥበው አልሙኒየም ደግሞ የመተንፈሻ ስንጥባቸውን ይጎዳል። ይባስ ብሎ እንዲህ ያለ ሐይቅ ብዙ ጊዜ ጥርት ይላል። ፎቶ ሳሳያቸው ሁሉም «ሲያምር!» አሉ። እኔም ይህችን «ሲያምር» እየጠበቅኩ ነበር።

ቀጥለን በሁለት ብርጭቆ የጎመን ውሃ ላይ አቼቶ ጠብ አደረግን። አንዱ ውስጥ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ነበር። ባዶው ቶሎ ቀላ፤ ቅርፊት ያለበት ግን አረፋ እያወጣ ቆየ። ሐይቅም እንደዚሁ ነው፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ካለ አሲዱን ይቋቋማል፣ ግራናይት ከሆነ አቅም የለውም። ስዊድን በአሲድ የተጎዱ ሐይቆቿን የምታክመው የኖራ ድንጋይ ዱቄት እየጨመረች ነው። «የፋሲል ግንብ የተሠራበት ኖራ?» አለች አንዷ። አዎ፣ የዚያው ዘመድ።

የጣና ውሃ ወደ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሚያደላ ከዚህ በሽታ የራቀ ነው። ቀሃ ወንዝ ወርደን ግን ያየነው ሌላ ነው፦ የሳሙና አረፋ፣ ፌስታልና ደለል። እኔን ከአሲዱ ይልቅ ይህ ያሳስበኛል። አባላቱ ግን አሁንም ዝናቡን አልተዉትም፤ ሰኔ ላይ እንደገና ለክተዋል። ውጤቱ ያው ነው።

ለመጪው ዓመት አንዲት ፒኤች ሜትር እንዲገዛልን ማመልከቻ አስገብተናል። ጎመን ተወዷል።