ባቄላው በቅሏል፤ አንተስ አባዬ?

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጾሙስ እንዴት ይዞሃል? እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። ትልቁ ቁመቱ ትከሻዬን አልፏል፤ የእማዬን ግንባር ይዞ የአንተን ዝምታ ጨምሮበታል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ጣሪያ ላይ ካልወረወርነው ብላ አባቷን በሌሊት ብርድ ደጅ አቆመችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ትቆጥራለች። "ለአባባ ደብዳቤ እጽፋለሁ" እያለች ነው፤ ሲደርስህ ታየዋለህ።

ባቄላ ዘርተናል። ነገሩን የጀመረችው ትንሿ ናት። ከትምህርት ቤት በብርጭቆ የበቀለ አደንጓሬ ይዛ መጣችና "አባባም እንዲህ ነው የሚዘራው?" አለችኝ። አባባ የሚዘራው ባቄላ ነው፣ እሱንም በዋልካ መሬት ላይ ነው ብላት አልገባትም። ስለዚህ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ካንዱ ያልተቆላ፣ ያልተከካ ጥሬ ባቄላ ገዛሁ። ለንፍሮ ተብሎ የመጣ እህል ይብቀል አይብቀል ስለማይታወቅ፣ አንተ ከመዝራትህ በፊት የምታደርገውን አደረግሁ። ውሃ ውስጥ ጨምሬ የተንሳፈፈውን ጣልኩ፤ ነቀዝ የበሳውን ለየሁ፤ የቀረውን ከማታ እስከ ጠዋት ዘፍዝፌ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩት። በሳምንቱ አብዛኛው ጎንቁሎ ነበር። ነጩ ሥር በጥቁሯ ምልክት ጎን ብቅ ብሎ ወደ ታች ሲታጠፍ የልጆቹን ደስታ ብታይ! እማዬ ብትኖር ግማሹን ቀቅላ በሚጥሚጣ ታቀርብልን ነበር።

የጎነቆለውን ጓሮ ወስደን ተከልነው። አፈሩ እንደ እናንተ አይጠቁርም እንጂ ሸክላ ይበዛበታል፤ ውሃ ይይዛል። መደቡን ከፍ አድርጌ ዳርና ዳሩን ፈሰስ አወጣሁለት፤ ባቄላ ውሃ ቢወድም ውሃ ሲተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል የምትለው ከጆሮዬ አልጠፋም። ሦስት ጣት ወደ ውስጥ፣ በስንዝር በስንዝር እያራራቅን። አደንጓሬ ሁለቱን ክክ ተሸክሞ ከአፈር ይወጣል፤ ባቄላ ግን ክኮቹን እመሬት ውስጥ ትቶ ቅጠሉን ብቻ ነው የሚያወጣው። ብርዱ ስላዘገየው ትልቁ ቆፍሬ ካላየሁ ብሎ አስቸገረኝ። ከለከልኩት። አሁን ሁሉም ወጥቷል ማለት ይቻላል።

የባቄላ ጊዜ እዚህ ከእናንተ የተገለበጠ ነው። ደብረ ብርሃን በሰኔ ይዘራና ክረምቱን አድጎ፣ ፍሬ ከያዘ በኋላ ነው በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የሚመጣበት። ሜሪላንድ ላይ ብርዱ መጀመሪያ ነው፤ እሱን ባቄላው ይችለዋል። የማይችለው ሙቀቱን ነው። ሰኔ ገብቶ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ አበባው ይረግፋል፤ በመጋቢት የተቻኮልነው ለዚህ ነው። አደንጓሬ ደግሞ አፈሩ ሳይሞቅ ቢዘሩት ስለሚበሰብስ የሱን ዘር ለግንቦት አቆይቼዋለሁ። ሽኮኮና ጥንቸል እዚህ ስለሚበዛ ከላይ መረብ አልብሰነዋል። ፍሬ ሲይዝ አንዱን ግንድ ነቅዬ ሥሩ ላይ ያሉትን፣ አፈሩን የሚያዳብሩትን እንክብሎች ለልጆቹ አሳያቸዋለሁ፤ ከባቄላ ቀጥሎ የተዘራ ገብስ ለምን እንደሚያምር ያኔ ይገባቸዋል።

ባለፈው እሁድ ስልክ ላይ "ልጆቹ ደህና ናቸው?" ብለህ ሳትጨርስ ትንፋሽህ ተቆረጠ። ጋሼ ስልኩን ተቀበለህና "ጉንፋን ነው" አለኝ። ጉንፋን አለመሆኑን አውቃለሁ፣ አባዬ። እግርህ እንዳበጠ፣ ሌሊት ተንጋለህ መተኛት እንዳቃተህ፣ 130 ኪሎ ሜትር በመኪና አዲስ አበባ ወስደው ሆስፒታል እንዳስተኙህ ሰምቻለሁ። የሰማሁት ከሰው ነው። ልጅህ ሆኜ፣ ከሰው።

ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ የምታነብለት አንተ ነህ። እባክህ አንድም መስመር ሳትዘል አንብብለት። የሚቀጥለውንም።

እማዬ የሞተች ጊዜ እሁድ እሁድ እደውል ነበር። አንዴ "ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች" ተባልኩ። አንዴ "ጸበል ገብታለች"። ከዚያ አንተ ራስህ ስልኩን ይዘህ "ተኝታለች፣ ልቀስቅሳት ወይ?" አልከኝ። "አትቀስቅሳት፣ ትረፍ" አልኩህ። ያን ቀን ከተቀበረች ሰንብታ ነበር። ትንሿን አርግዤ ስለነበር እንደሆነ አውቃለሁ። ለእኔም ለልጄም ፈርታችሁ ነው፤ ባገሩም ደንብ ነው። ከወለድኩ በኋላ ጎህ ሳይቀድ የዕድሩ ሽማግሌዎች ከቄሱ ጋር በሬን ሲያንኳኩ ሕፃኗ ደረቴ ላይ ነበረች። አርባዋ አልፏል። እናንተ ድንኳን ጥላችሁ፣ አልቅሳችሁ፣ ፍትሐቱን አስፈትታችሁ ነበር፤ እኔ ለቅሶዬን የጀመርኩት እናንተ እንባችሁን ከጠረጋችሁ በኋላ ነው። ስደውልላችሁ "ተይ አሁንስ፣ ልጅሽን አጥቢ" ነበር የምትሉኝ።

ሞቷን መደበቃችሁን ከጊዜ ብዛት ተቀብዬዋለሁ። "ተኝታለች" ያለው ድምፅ ያንተ መሆኑን ግን እስከ ዛሬ መቀበል አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ "ደህና ነኝ" ባልከኝ ቁጥር ስልኩን ዘግቼ እንቅልፍ አጣለሁ። አንተን መውቀስ አልለመድኩም። በሬህን ሸጠህ ያስተማርከኝ አባቴ ነህ፤ ይህን እያሰብኩ ብዙ ዓመት ዝም አልኩ። አሁን ዝም ብል እንደ እማዬ ሳልሰማ ይቀራል ብዬ ፈራሁ።

በዘር ነገር ዋሽተኸን አታውቅም እኮ። ቆርምድ የሚሉት የባቄላ በሽታ ሰሜን ሸዋን የመታ ጊዜ፣ የባቄላው ቅጠል ተጨማዶ እባጭ ያወጣ ጊዜ፣ "ዘንድሮ ባቄላ የለንም፣ ገብሱን አብቃቅተን እንበላለን" ብለህ ሁላችንንም ሰብስበህ ነገርከን። ማንም አልሞተም። የሚሆነውን ስለምናውቅ ተዘጋጀን። ስለ ራስህም እንደዚያው አድርገህ ንገረኝ።

የሐኪሙን ወረቀት የጋሼ ልጅ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፤ የመድኃኒቶቹን ካርቶን ጭምር። ልብ ነው ወይስ ኩላሊት? ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል እፈልጋለሁ። የግፊቱን መድኃኒት ሻል ሲልህ እንዳታቋርጠው፤ ገንዘቡን ልኬያለሁ፣ ከማለቁ በፊት ይገዛ። ከሽሮውና ከንፍሮው ጨው ይቀነስልህ። ስለ ጾሙ የነፍስ አባትህን አማክራቸው፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አይነፍጉም።

በሰኔ ደግሞ እርፍ አትጨብጥ። ማሳውን ለእኩል ስጠው። ይህን ስልህ ምን እንደምወስድብህ አውቃለሁ፤ አንተ ያላረስከውን ክረምት አላስታውስም። ጓሮዋን ግን ማንም አይንካብህ። ዋልኪ የሚሉት ዘር ውሃ የሚተኛበትን መሬት ስለሚችል ለሷ እሱን አስመጣ፤ ልጆቹ ፈሰሱን ያውጡልህ፣ አንተ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለህ ዘሩን ምረጥ፣ ትከል።

ለመስቀል እንመጣለን ብዬህ ነበር። ወረቀቱን አይቼ ሐኪም ካማከርኩ በኋላ ትኬቱን ላስቀድመው እችላለሁ፤ ለዚህም ነው እውነቱን የምለምንህ። የምመጣው አንተን ለማየት ይሁን፣ አባዬ። ለለቅሶ መምጣት አልፈልግም።

እሁድ እደውላለሁ። ስልኩን አንተ አንሳው። ትንፋሽ ካጠረህ ጋሼ ይጨርስልህ፤ አጠገቡ ሆነህ እየሰማህ ግን ይሁን።

ልጅህ

ሌላው፣ እዚህ ባቄላ የሚተክሉ ሰዎች የመጀመሪያው ፍሬ መያዝ ሲጀምር የግንዱን ጫፍ ይቀነጥሱታል፤ ለስላሳውን ጫፍ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ስለሚወደው ነው። አንተ እንዲህ ታደርጋለህ ወይ? ትልቁ "አባባ ካላለ አላስነካም" ብሏል፤ አበባው በግንቦት ስለሚጀምር እስከዚያ መልስህ ይድረሰን።