«ፔነልቲሜት» የመጨረሻ ማለት አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣ ከስፖርት ገጹ የምጀምር ሰው ነኝ። ሰሞኑን አንድ የብስክሌት ዘገባችሁ «ፍጹም የመጨረሻው የውድድር ቀን» ይላል። ሁለት አንቀጽ ወረድ ስል ደግሞ ውድድሩ በማግስቱ እንደሚቀጥል ተጽፏል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ተርጓሚው «ፔነልቲሜት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ገጥሞት ነው። ዕድሜዬን እንግሊዝኛ ሳስተምር ስለኖርኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ፔነልቲሜት ማለት ከመጨረሻው በፊት ያለው ማለት ነው። በቃ። ምንጩ ላቲን ነው። «ኡልቲሙስ» የመጨረሻ ነው፤ «ፓይኔ» ደግሞ ለመሆን ጥቂት የቀረው። ይኸው «ፓይኔ» ባሕረ ገብ መሬት በሚባልበት «ፔኒንሱላ» ውስጥም አለ፤ ደሴት ለመሆን ትንሽ የቀረው መሬት ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህችን ከሰሙ በኋላ ቃሉ አይጠፋባቸውም ነበር።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ አይጠፋኝም። «አልቲሜት» በእንግሊዝኛ «ወደር የሌለው» ለማለትም ያገለግላል። ከፊቱ ሌላ ነገር ሲቀጠልበት ይበልጥ የገዘፈ ይመስላል። በዚህ በኩል ማስታወቂያ ሠሪዎች ይብሳሉ። «ፔነልቲሜት ምቾት» ብሎ ዕቃ የሚሸጥ ሰው እኮ ሳይታወቀው «ከእኔ በላይ አንድ አለ» እያለ ነው!

«የአንድ ቀን ልዩነት ምን ያመጣል?» ትሉ ይሆናል። በብስክሌት ብዙ ያመጣል። ቱር ደ ፍራንስ 21 የውድድር ቀናት አሉት። በተለመደው አካሄድ የመጨረሻው ቀን ፓሪስ የሚገባበት ነው፤ አጠቃላይ መሪነቱን ለመንጠቅ የሚፋለም ብዙም የለም። ስለዚህ ለመሪነቱ የመጨረሻው ፍልሚያ አብዛኛውን ጊዜ በ20ኛው ቀን ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ስሎቬኒያዊው ፕሪሞሽ ሮግሊች ያን ቀን የጀመረው በ57 ሴኮንድ እየመራ ነበር። የዚያ ቀን ውድድር እያንዳንዱ ለየብቻው ከሰዓት ጋር የሚታገልበት ሲሆን ማብቂያው ቀጥ ያለ ዳገት ነው። የአገሩ ልጅ ታዴይ ፖጋቻር ልዩነቱን አጥፍቶ በ59 ሴኮንድ መሪ ሆነ። ሮግሊች የመሪውን ቢጫ ማልያ ያጣው ፓሪስ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ይህን «በመጨረሻው ቀን ተሸነፈ» ብላችሁ ብትጽፉት የታሪኩ ሕመም ይጠፋል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ተራ ላለው ነገር ሁሉ ይሆናል፤ ለምዕራፍ፣ ለጨዋታ፣ ለፊደል። 38 ጨዋታ ባለው ሊግ 37ኛው ፔነልቲሜት ነው። ሦስተኛው ከመጨረሻ ደግሞ «አንቴፔነልቲሜት» ይባላል። የቋንቋ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ለክፍለ ቃል ነው። ለምሳሌ በስዋሂሊ ጫን ተብሎ የሚጠራው በአብዛኛው ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍለ ቃል ነው። የሚያስቀኝ ግን ራሱ «ፔነልቲሜት» ነው፤ እንግሊዞች ሲጠሩት ጫን የሚሉት ከመጨረሻው ሦስተኛውን ክፍለ ቃል ነው።

ወደ አማርኛ ስትመልሱት «ከመጨረሻው በፊት ያለው» በሉት፤ ይበቃል። እርማትም ብታወጡ ደስ ይለኛል። ቦታ ከጠበባችሁ ከመጨረሻው በፊት ያለው ገጽ ላይ ቢሆንም ቅር አይለኝም።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ መምህር