የይቅርታው እሑድ ብሊን

ውድ እኅቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እናትሽ ካረፉ ሦስት ዓመት ሞላ። ያን ጊዜ ልጽፍልሽ ተቀምጬ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ከሚለው ማለፍ አቃተኝ፤ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ከእንጎቻቸው እየቆረሱ ላሳደጉኝ እናት እንዲህ መሆን አልነበረብኝም።

ዛሬ እዚህ ሞስኮ አረጋዊት ጎረቤቴ ብሊን ሲጋግሩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ብሊን ስስ የሩሲያ ቂጣ ነው። ዛሬ በብዛት በስንዴ ዱቄት፣ በወተትና በእንቁላል ይበጠበጣል፤ እርሳቸው ግን እንደ ጥንቱ በእርሾ ያቦኩታል፣ ግሬችካ ከሚሉት እህል የተፈጨ ጠቆር ያለ ዱቄትም ይጨምሩበታል። መጥበሻው ላይ ሲፈስስ ዓይን ያወጣል! የድንች ቁራጭ በሹካ ወግተው ዘይት እያስነኩ መጥበሻውን ሲያብሱ፣ እናትሽ ምጣዱን በጎመን ዘር ሲያሰሱ ታዩኝ። የመጀመሪያው ተጨማደደባቸው። «የመጀመሪያው ብሊን ይድቦለቦላል» የሚል ምሳሌ አላቸው፤ የእኛ ማሟሻ መሆኑ ነው።

ስሙን ብትሰሚ ደስ ይልሻል። ጥንት «ምሊን» ነበር፤ ከመፍጨት የወጣ ቃል ነው፤ ወፍጮ ቤቱን «ሜልኒትሳ» የሚሉትም ከዚያው ሥር ነው። እኛ ወፍጮን ከፈጨ እንዳወጣነው ማለት ነው። በሩሲያውያን አንደበት «ም» ወደ «ብ» ዞረ፤ ዩክሬናውያን ግን እስከ ዛሬ «ምሊኔትስ» ይላሉ። ይህን ስሰማ እናትሽ መጁን ይዘው ወፍጮው ላይ ሲጎነበሱ ትዝ አሉኝ።

ሳምንቱ ማስሌኒትሳ ነው፤ ከዐቢይ ጾማቸው በፊት ሥጋ ትተው ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ የሚበሉበት። ስሙም ከ«ማስሎ»፣ ከቅቤው ነው። ፋሲካችን አንድ ቀን ቢውልም እኛ በዘወረደ ሳምንት ቀድመን ስለምንጀምር፣ እኔ ጾም ከያዝሁ ዛሬ ሰባተኛ ቀኔ ነው፤ ስለዚህ አልቀመስሁም።

ብሊን የሙታን መታሰቢያም ነው፤ ከተዝካር ማዕዳቸው አይጠፋም። ጎረቤቴ አንዱን በሟች ባላቸው ስም ለይተው አስቀመጡና «ያንቺስ?» አሉኝ። የእናትሽን ስም ነገርኋቸው። ሌላ ጋግረው በእርሳቸው ስም አጠገቡ አኖሩት። እናትሽ ሲያርፉ ያልወጣልኝ እንባ ዛሬ ወጣ።

ይህ የመጨረሻው ቀን የይቅርታ እሑድ ይባላል። አንዱ «ይቅር በለኝ» ሲል ሌላው «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» ይላል። እኔም እልሻለሁ፤ ስለ ዝምታዬ ይቅር በይኝ።

በእናትሽ ምጣድ አሁን ማን ይጋግርበታል? ጻፊልኝ።

እኅትሽ