ስለ ቢጫው ምልክት ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከሰኞ ጀምሮ ስልካችን እረፍት አላገኘም። የሶፍትዌራችሁን ፍተሻ (ቴስት) ውጤት ሰብስበን የምናወጣላችሁ፣ አረንጓዴ ሆኖ የኖረው ሪፖርት በአንድ ሌሊት ቢጫ በቢጫ ሆነባችሁ። እናንተ ኮድ አልነካችሁም፤ የቀየርነው እኛ ነን። ድሮ አንድ ቴስት መጀመሪያ ወድቆ ድጋሚ ሲሮጥ ካለፈ «አለፈ» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። አሁን «ወላዋይ» ተብሎ በቢጫ ይመዘገባል፤ የመጀመሪያው ውድቀትም ከነሎጉ (ከሩጫው ዝርዝር መዝገብ ጋር) ይታያል።

ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አንመልሰውም። ለምን እንደሆነ ታገሱኝና ልንገራችሁ።

አንዳንዶቻችሁ ቴስቱን የምናስሮጠው እኛ ይመስላችኋል። አይደለም። ቴስቱ የሚሮጠው እናንተ ጋ ነው፤ ቴስትን በራሳቸው በሚያስሮጡት አገልግሎቶች፣ ጊትሃብ አክሽንስ ላይ ወይም ጊትላብ ላይ። ሲያልቅ አንድ የውጤት ፋይል ይተዋል። እኛ ያንን ፋይል እንሰበስባለን፣ እናነባለን፣ ከትናንቱ ጋር እናስተያያለን፣ ሪፖርት እናወጣለን። ሲወራ ቀላል ነው። ፋይሉ በአብዛኛው ጄዩኒት ኤክስኤምኤል የሚባለው ነው። ለጃቫ ቋንቋ ተብሎ የመጣ ቅርጽ ቢሆንም ዛሬ የጃቫስክሪፕት ሰዎችም በቴስት መሣሪያዎቻቸው፣ በጄስት፣ በፕሌይራይት፣ በሳይፕረስ የሚያወጡት እሱኑ ነው። ችግሩ ይህ ቅርጽ ሁሉም የሚገዛበት አንድ ደንብ የለውም። ሁሉም እንደመሰለው ይጽፈዋል። በተለይ ድጋሚ ስለተሞከረ ቴስት ሲሆን አንዱ የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ይተዋል፣ ሌላው ሁሉንም ይዘረግፈዋል። ፕሌይራይት እንኳ በራሱ ሪፖርት ላይ ወድቆ ያለፈውን «ፍሌኪ» (ወላዋይ) ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል።

ጊትሃብ ላይ ደግሞ «ድጋሚ አስሮጥ» የሚለውን ስትጫኑ የሩጫው መለያ ቁጥር አይቀየርም። የሚጨምረው የሙከራው ተራ ብቻ ነው። በድሮው አሠራር ሁለተኛው ውጤት በአንደኛው ላይ ይጻፍበት ነበር። ይህንን ደግሞ የፈለጋችሁት እናንተ ናችሁ። «ዋናው የመጨረሻው ነው፣ ደንበኛ ፊት ቀይ አታሳዩብን» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እሺ ብዬ ኖሬያለሁ። ግን ኤክስ የበዛበትን ገጽ ገንጥሎ ደብተሩን ለአባቱ የሚያሳይ ልጅ ሆነን መቀጠል አልቻልንም።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ከደንበኞቻችን የአንዱ ታሪክ ነው፤ አስፈቅጄአቸዋለሁ፣ ስማቸውን ግን አልጠራም። የደረሰኝ መቁረጫ ሲስተም ይሠራሉ። የደረሰኙን ቀን የሚፈትሸው ቴስታቸው አንዳንዴ ይወድቃል። ልጆቹ ሌሊት ሠርተው ኮዱን ሲልኩ (ፑሽ ሲያደርጉ) ቀይ ይሆናል፤ ጠዋት ቡና ይዘው ድጋሚ ሲያስሮጡት ያልፋል። «ኔትወርክ ነው» ተባለ። ሪፖርቱም አረንጓዴ አለ።

ኔትወርክ አልነበረም። ቀኑን የሚያወጣው መስመር ቱአይኤስኦስትሪንግ የሚለውን የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ ይጠቀማል፤ እሱ ሁልጊዜ የሚሰጠው የዩቲሲን፣ ማለትም የዓለም አቀፉን መለኪያ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እኛ ጋ ቀኑ ተቀይሯል፣ በዩቲሲ ግን ገና ትናንት ነው። በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ውስጥ የተቆረጠ ደረሰኝ ሁሉ የትናንትና ቀን ይዞ ይወጣል። በወር መባቻ ሌሊት ደግሞ የአዲሱ ወር ሽያጭ ባለፈው ወር ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ሌሊት የሚሠራ ሆቴል ቢጠቀምበት ምን እንደሚከተል ለእናንተ አይነገርም። ቴስቱ እውነቱን ሲናገር ከርሟል። እኛ ነን በአረንጓዴ የሸፈንነው፣ ተጠይቀን።

ቢጫ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። አብዛኛው ተራ ነገር ነው። ገጹ ተከፍቶ ሳያልቅ በተኑን የሚጫን ቴስት አለ። ሁለት ሰከንድ ጠብቅ ተብሎ የተጻፈ፣ ሰርቨሩ ሦስት ሰከንድ ሲፈጅበት የሚወድቅ አለ። ሌላ ቴስት ዳታቤዝ ውስጥ ትቶት በሄደው ነገር የሚደናገርም አለ። እነዚህ በግማሽ ቀን ይስተካከላሉ። ሰከንድ ከመቁጠር በተኑ እስኪታይ መጠበቅ ብቻ ስንቱን እንደሚያድን እናንተም ታውቁታላችሁ።

«ሥራችሁ ደካማ ነው ማለታችሁ ነው ወይ?» ብሎ የጻፈልኝ ሰው አለ። ኧረ አይደለም! ጉግል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ከቴስቶቹ ወደ 16 በመቶ የሚጠጉት በሆነ መጠን እንደሚወላውሉ በይፋ ጽፏል። እነሱ ያላፈሩበትን እኛ ምን አሳፈረን? ደግሞም ቢጫው መርጅ (አዲሱን ኮድ ከዋናው ማዋሃድ) አይከለክልባችሁም። ቢልዱን የሚያስቆመው ቴስቱን የሚያስሮጠው የራሳችሁ ሲስተም (ሲአይ) ነው እንጂ የእኛ ሪፖርት አይደለም። ለደንበኛ በምትልኩት ፒዲኤፍ ላይም ቢጫው ምን ማለት እንደሆነ በሁለት መስመር አስገብተናል።

አሁን ወዳመመኝ ነገር ልምጣ። «ዋጋ ለመጨመር የፈጠሩት ዘዴ ነው» ተባለ። ይህ ቢያንስ ለእኛ አይገባም። እያንዳንዱን ሙከራ ለብቻ ማስቀመጥ ቦታ ይፈጃል። ስክሪንሾቱ፣ ቪዲዮው፣ እያንዳንዱን እርምጃ የሚመዘግበው የፕሌይራይት ትሬስ ፋይል ተደራርበው ከባድ ናቸው። የሰርቨር ኪራያችን በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ በ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ ኪራዩን ስከፍል እጄ ተንቀጥቅጧል። እናንተ ላይ ግን አንድ ብር አልጨመርንም፤ አሁንም አንጨምርም። ያደረግነው የቪዲዮ ማቆያውን ወደ 30 ቀን ማሳጠር ብቻ ነው። ሎጉና ውጤቱ እንዳለ ይቀመጣል።

ይህንን ሥራ የጀመርኩት ተቀጣሪ ፕሮግራመር ሳለሁ የቴስት ውጤት በስክሪንሾት ተነስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሲጣል፣ ማንም ሳያየው ወደ ላይ ሲጠፋ እያየሁ ነው። መገናኛ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ መብራት ሲሄድ በስልክ ኢንተርኔት እየሠራን አሳደግነው። ከእናንተ ውስጥ ያኔ ገና ምንም ሳናሳይ አምናችሁ የከፈላችሁ አላችሁ። በውጭ አገር ካርድ የሚከፍሉ፣ ትልልቆቹን የውጭ አገልግሎቶች መግዛት የሚችሉ፣ ግን «የራሳችን ሰዎች ናቸው» ብለው የቀሩም አሉ። ይህንን አልረሳሁም። ስለማልረሳም ነው የምታምኑትን ሪፖርት ውሸት እንዲሆን ያልፈለግኩት። ደስ የሚላችሁን ቀለም ማሳየት ለእኔ ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ስልኬም ባልጮኸ።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቢሮ ነን። ቢጫ የበዛባችሁ ኑ፣ ወይም ሊንኩን ላኩልን። ከልጆቻችን አንዱ ከእናንተ ጋ ተቀምጦ ሎጉን አብሮ ያያል፤ ለዚህ ክፍያ የለም። መልቀቅ ለሚፈልግ ደግሞ ያለፈውን ውጤት በሙሉ በጄዩኒትም በጄሶንም ፋይል አውርደን እንሰጠዋለን። ማንንም በዳታው አስረን አንይዝም። ከመሄዳችሁ በፊት ግን በጣም ያናደደቻችሁን አንዲት ቢጫ ክፈቱና የመጀመሪያውን ውድቀት ሰዓት ተመልከቱልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ